አዲሱን ስልክ ለምን እሺ እንዳልኩ

ይድረስ ለናፈቅሽኝ እናቴ፤

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ደረጃውን ስትወጪ አሁንም በየእርከኑ እያረፍሽ ነው ወይስ ሻል ብሎሻል? ግፊትሽንስ ተለካሽ? የጓዳው ጣሪያ ዘንድሮም ማፍሰሱን የተወ አይመስለኝም፤ ባልዲውን ከሥሩ ማድረግ አትርሺ፣ ወለሉ እንዳያዳልጥሽ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ። ስለ ጤናዬ ሐሳብ አይግባሽ።

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ መደንገጥሽ አይቀርም። በስልክ የማወራት ልጅ ምን ብትሆን ነው ደብዳቤ የጻፈችው ትያለሽ። የሞተ ሰው የለም፣ የታመመም የለም። ብቻ ከማንበብሽ በፊት ቁጭ በይ፣ መነጽርሽንም አድርጊ። ፊደሉን አተልቄ የጻፍኩት ራስሽ እንድታነቢው ነውና ለጎረቤትሽ ለመምህርቷ "አንብቢልኝ" ብለሽ እንዳትሰጫት። ይዛልሽ የመጣችው ሴትዮ የሥራ ጓደኛዬ አክስት ናት። ሻይ አጠጥተሽ ሸኛት እንጂ በጥያቄ አታስጨንቂያት፤ ከፖስታው በቀር የምታውቀው ነገር የለም።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። አማችሽ አዲስ የወጣውን ስልክ ልግዛልሽ ሲለኝ አሻፈረኝ ያልኩ ጊዜ እንዴት እንደተቆጣሽኝ ታስታውሻለሽ። "የሚሰጥ እጅ ይሳማል እንጂ ይገፋል? ምን አጠገበሽ?" አልሽኝ። ለምን እምቢ እንዳልኩ ስትጠይቂኝ "እንዲሁ ነው" አልኩሽ። ኋላ እሺ ብዬ ሲገዛልኝ ደግሞ "አሁን ገና ልብ ገዛሽ" ብለሽ መረቅሽኝ፤ ያኔም "አሜን" ብዬ ዝም አልኩ። ሁለቱንም ጊዜ ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር፣ እማዬ። አማችሽ አጠገቤ ተቀምጦ ያንቺን ድምፅ እየሰማ ፈገግ ይል ነበር። "እማማን እኔም ልስማቸው እንጂ" ስለሚል፣ ካንቺ ጋር ለብቻችን ያወራንበትን ቀን ከረሳሁት ቆየሁ። ያን ጊዜ የዋጥኩትን መልስ ነው ዛሬ በወረቀት የምመልስልሽ።

አስቀድሜ ግን የሰውየውን ሐቅ ልናገር። አማችሽ ሰው እንደሚያወራለት ደግ ነው፤ አልክድም። የሚሠራበት መድኃኒት ቤት የሚገባ አዛውንት ሁሉ መርቆት ነው የሚወጣው። "ይመታሻል?" ብትዪኝ፣ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። "ይጠጣል?" ብትዪኝ፣ አይጠጣም። "ሌላ ሴት አለችው?" ብትዪኝ፣ ኧረ ምን በወጣው፣ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ነው። "ታዲያ ምን ጎደለሽ?" ትዪኛለሽ። እኔም ራሴን ስንቴ ጠየቅሁት መሰለሽ። የሚያመኝ ቦታ ላይ ጣቴን ማሳረፍ አቅቶኝ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩሽ።

የተጋባን ሰሞን፣ እፍ ክንፍ ባልንበት ጊዜ፣ ሥራ ቦታ እየደወለ ምን በላሽ፣ ደከመሽ ወይ ይለኝ ነበር። እኛ የማተሚያ ቤቱ የጥረዛ ክፍል ሴቶች ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመን የታተመውን ወረቀት እናጥፋለን፣ በገጹ ተራ እንሰበስባለን፣ እንሰፋለን፣ ጀርባውን ሙጫ እንቀባለን። እጃችን ሥራ ላይ፣ አፋችን ወሬ ላይ ነው። ስልኬ ሲጠራ "መጣ ያንቺው!" እያሉ ይስቁብኝ ነበር፤ ይቀኑብኝም ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽሽም።

ከዚያ ጥሪው በዛ። "ከኋላሽ የሚስቀው ማነው?" ማለት መጣ። ምሳ በላሁ ስለው "እስቲ ሳህኑን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ" አለኝ። ላኩለት። "ከሳህኑ ጎን ያለው እጅ የማነው?" አለኝ። የጓደኛዬ ነው፣ ቀለበቷን አታይም እንዴ፣ ሴት ናት አልኩት። ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ምሳዬን ለብቻዬ፣ ወደ መስኮቱ ዞሬ መብላት ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። ፎቶ ለማንሳት ስለሚቀል ነው።

የማታ ትምህርቴን የተውኩትም እንዲሁ ነው። ሰለቸኝ ብዬሽ ነበር፤ አልሰለቸኝም። መምህራችን ክፍል ስንገባ ስልካችንን ያስጠፋን ነበር። ወጥቼ ሳበራው ያልተነሱ ጥሪዎች ተደርድረው ይጠብቁኛል፤ ቤት ስገባ ደግሞ አማችሽ ፊቱ አመድ መስሎ ይጠብቀኛል። "ተይው አላልኩሽም እኮ" ይላል። እውነቱን ነው፣ አላለኝም። እኔው ነኝ የተውኩት።

አሁን ስለ አሮጌው ስልኬ ልንገርሽ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን በገዛ ደሞዜ የገዛሁት ነው። ጥጉ ተሰነጣጥቋል፣ ባትሪውም አርጅቶ ከቀትር በኋላ ሳይታሰብ ድርግም ይላል። ያየኝ ሁሉ ቀይሪው ይለኛል። እኔ ግን ሲዘጋ ትከሻዬ ላይ ተቀምጦ የዋለ ሰው የወረደልኝ ያህል ይቀለኝ ነበር። ከሥራ ስወጣ ከዘጋልኝ፣ ከአውቶቡሱ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ። መንገዱ ዳር ሶፋ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ጨርቁን ወጥረው ምስማር ሲመቱበት ቆሜ አያለሁ። በቆርቆሮ የተተከለ አበባ የሚሸጥ ሽማግሌም አለ፤ ይህኛው ማን ይባላል እያልኩ የአበቦቹን ስም ጠይቄው አልፋለሁ። አንዳንዱን ስም እዚያው ፈጥሮ የሚነግረኝ ይመስለኛል። ይኸው ነው እንግዲህ ጥፋቴ። ማንም ሳያየኝ የምሄድባት ያቺ መንገድ ብቻ ነበረች የኔ የምላት። ቤት ስገባ "ባትሪ ዘግቶብኝ ነው" እላለሁ፤ እውነትም ነው። ኋላ ኋላ ግን፣ አልደብቅሽም፣ ሆን ብዬ ቻርጅ ሳላደርገው የምወጣባቸው ቀናት ነበሩ።

ጠፋች ተብሎ የተደወለልሽን ቀን አስታውሺው። ከአንዲት የሥራ ጓደኛዬ ጋር አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ኦቾሎኒ እንበላ ነበር። የአለቃችንን አረማመድ እያስመሰለች አንጀቴ እስኪቆስል አሳቀችኝና አውቶቡስ በአውቶቡስ ላይ አለፈን። ስልኬ ዘግቷል። ቤት ስደርስ አማችሽ ለአንቺ፣ ለማተሚያ ቤቱ ዘበኛ፣ ለሆስፒታል ሳይቀር ደውሎ ደጃፉ ላይ ቆሟል። አልጮኸብኝም። ምነው በጮኸብኝ። መሬት ላይ ዘፍ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ "ሞታለች ብዬ ነበር" አለኝ። አንቺም በስልክ "ምነው ልጄ፣ የሰው ነፍስ በጭንቀት ታወጫለሽ?" አልሽኝ። ለሁለታችሁም ይቅርታ ጠየቅሁ። ኦቾሎኒ በመብላቴ፣ እማዬ።

በማግስቱ ፓወር ባንክ ገዝቶ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተልኝ፤ ጡብ ያህል ይከብዳል። እሱን እየረሳሁ በምወጣበት ሰሞን ነው አዲሱ ስልክ የወጣው። ከተማው ሁሉ የሚያወራው እሱን ነበር፤ አውቶቡሱም ግድግዳውም በሥዕሉ ተሸፍኗል። አማችሽ መጀመሪያ ለራሱ ገዛና ቁርስ ላይ ሙያውን ይዘረዝርልኝ ጀመር። ካሜራው እንዲህ ነው፣ ውኃ ቢገባው ምንም አይሆንም፣ ባትሪው ሁለት ቀን ሙሉ አይዘጋም። "እንግዲህ ያንቺ ችግር ተፈታ" አለኝ።

ቤተሰብ የትና የት እንዳለ በካርታ የሚያሳይ ነገርም ነበረው። አሮጌውን ስልኬን ተቀብሎኝ እሱ ያለበትን ቦታ የምታሳይ ሰማያዊ ነጥብ ጫነልኝ። "እኔ የምደብቀው የለኝም፤ ባሻሽ ሰዓት እይኝ" አለ። "የኔስ?" አልኩት። "ያንቺማ ባትሪው እየዘጋ ነጥብሽን ያጠፋብኛል። አዲሱን ስትይዢ ግን የትም ብትሆኚ እንደ መዳፌ አይሻለሁ። በቃ አንድ ሆንን ማለት ነው።" ይህን ሲለኝ ፊቱ የሙሽራ ፊት ነበር የሚመስለው። እኔ ደግሞ የያዝኩትን ዳቦ መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት።

እምቢ አልኩ። ይተልቅብኛል፣ እጄ አይችለውም አልኩት፤ አነስ ያለም አለው አለኝ። አውቶቡስ ላይ ይሰርቁኛል አልኩት፤ ቢሰረቅም የገባበትን ያሳያል አለኝ። የኔው ይበቃኛል አልኩት። ይሄን ጊዜ ዝም አለ። የአማችሽን ዝምታ አታውቂውም። ሳህን ያጥባል፣ ምግቤን ያቀርብልኛል፣ ካፖርቴን ይሰቅልልኛል፤ ቃል ግን አይወጣውም። ያጠፋሁትን ሳላውቅ ቤቱ ውስጥ በእግር ጣቴ መሄድ ጀመርኩ።

ያን ወር አማችሽ በየወሩ በፖስታ የሚልክልሽ የግፊት ክኒን ዘግይቶ መድረሱና ራስሽን ሲያዞርሽ መሰንበቱ ትዝ ይልሻል? ለምን ሳይልከው ቀረ ብዬ ስጠይቀው፣ "ልቤ እዚህ የለም። አንቺ እንዲህ ስታደርጊኝ የማደርገው ይጠፋኛል፣ ረሳሁት" አለኝ። በዚያው ቀን ላከልሽ፣ እውነት ነው። አላስፈራራኝም፣ ክፉም አልተናገረኝም። ግን ቃሉ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ሰው እንዲህም አድርጎ ይታሰራል ለካ፤ ገመዱን የያዘው እንኳ መያዙን ሳያውቅ።

አሁን እሺ ወዳልኩበት ቀን ልምጣ።

ክፍላችንን የሚያዙት ሴትዮ ሻለቃ ይባላሉ። ወታደር ሆነው አያውቁም፤ ሲያዙ ድምፃቸው ስለሚገዝፍ እኛ ያወጣንላቸው ስም ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የተማሪ መጽሐፍ አስቸኩሎን ጀርባውን ሙጫ ስቀባ ቆይቼ፣ እጄን ስታጠብ ስልኬን አየት አደረግሁት። ሰማያዊዋ ነጥብ መድኃኒት ቤቱ ላይ ቁጭ ብላለች። ስልኩን ሳላስቀምጥ የአማችሽን ድምፅ ከጀርባዬ ሰማሁ። ዞር ስል ከነሕይወቱ ቆሟል። በአንድ እጁ ኬክ፣ በሌላው ለስላሳ፣ ልብሱን ለባብሶ።

እጄ ላይ ነጥቧ መድኃኒት ቤት ናት፤ ሰውየው ፊቴ ቆሟል። ሰውየውን አየሁ፣ ነጥቧን አየሁ። እሱም አፍጥጬ መቅረቴን አይቶ በሳቅ ፈረሰ። "መምጣቴን እንዳታውቂብኝ ስልኬን ባንኮኒው ላይ ትቼው ነው የመጣሁት! ሸወድኩሽ አይደል?" አለኝ።

ከዚያ ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ለሴቶቹ ንግግር አደረገ። "እህቶቼ፣ አማልዱኝ። ሚስቴን እወዳታለሁ፣ እሳሳላታለሁ። የወጣውን ስልክ ልግዛልሽ ብላት እምቢ አለችኝ። ምን አጥፍቼ ነው?" አለ። ሴቶቹ አበዱልሽ። አንዷ "ወንድም የለህም?" አለች፣ ሌላዋ "እሷ ካልፈለገች እኔ አለሁ" አለች። "እሺ በይ! እሺ በይ!" እያሉ ጠረጴዛውን ደበደቡ፤ የታጠፈው ወረቀት ሁሉ እየዘለለ ተበታተነ። መውጫ አልነበረኝም፣ እማዬ። በሩ ላይ እሱ፣ ዙሪያዬን እነሱ፣ በስልክ አንቺ።

ግን ያን ሰዓት ጭንቅላቴ ውስጥ የምትዞረው ያቺ ነጥብ ነበረች። ነጥቧ የምታውቀው ስልኩን ነው። ሰውየውን አታውቀውም። ይህን ያስተማረኝ ራሱ ነው፣ ኬክ ይዞ።

"እሺ" አልኩ። "ግዛልኝ።"

አጨበጨቡ። እቅፍ አድርጎኝ እዚያው በኔው ስልክ ለአንቺ ደወለልሽ፤ ደስታሽን ክፍሉ ሁሉ ሰማው። ያላጨበጨቡት ሻለቃ ብቻ ነበሩ። አማችሽ ከሄደ በኋላ የሙጫ ቆርቆሮ የሚያነሱ መስለው አጠገቤ ቆሙና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ልጄ፣ የጠላሽው ስልኩን ነው ደዋዩን?" አሉኝ። እንባዬ ቀደመኝ። እንባዬን ያዩ አይመስሉም ነበር። ቆርቆሮውን አንስተው ሄዱ።

ሱቅ የሄድነው ሁለታችን ሆነን ነው። ሻጩ አዲሱን አስነስቶ የጣት አሻራሽን አስገቢ አለኝ። አውራ ጣቴን አስቀመጥኩ፤ እምቢ አለ። ሌላውንም ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። ጣቴ በወረቀት ተቆራርጦ፣ በሙጫ ደርቆ አሻራ የሚባል ነገር አልተረፈውም። አማችሽ "ቆይ እኔ" ብሎ የሱን አውራ ጣት አስቀመጠ። ወዲያው ተቀበለው። ሻጩ "ስልኩ ባለቤቱን አወቀ!" ብሎ ሲቀልድ ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለኔ አማችሽ የመክፈቻ ቁጥር አወጣልኝ፤ ቁጥሩም የሱ የልደት ቀን ነው። አሮጌውን ብትሰጡን ከዋጋው ይቀነስላችኋል ሲሉት ሳይጠይቀኝ ከቦርሳዬ አውጥቶ ሰጣቸው። ሻጩ ሲሙን ነቅሎ ስልኬን ካርቶን ውስጥ ጣለው፤ ውስጡ እንደሱ ያሉ ብዙ ነበሩ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ስልኩን ማየት እንኳ ያስፈራኝ ነበር። አይዘጋም። ስተኛም፣ ስነሣም፣ መታጠቢያ ቤትም ስገባ ዓይኑን እንዳፈጠጠ ነው። ከአውቶቡስ ቀድሜ የምወርድባት መንገድ ቀረች። አንድ ቀን ተሳስቼ ብወርድ አማችሽ ወዲያው ደውሎ "አውቶቡሱ ተበላሸ እንዴ?" አለኝ። አዎ አልኩት፣ ሶፋ ሠሪዎቹን ቀና ብዬ ሳላያቸው ቀጣዩን ተሳፈርኩ። ያን ሳምንት የራሴ ጥፋት ነው፣ በገዛ አፌ እሺ ብዬ ገባሁበት እያልኩ ራሴን ስረግም ከረምኩ። ያሰብኩት ነገርም ሞኝነት መሰለኝ። ስልኩን ትቼ የት እሄዳለሁ? በየሰዓቱ ይደውላል፤ ካላነሳሁ ይመጣል።

መንገዱን የከፈቱልኝ ሻለቃ ናቸው። አንዲት ልጅ ስልኳን እያየች መቁረጫ ማሽኑ ጣቷን ለጥቂት ሳተው። ሻለቃ ይህን ሲያዩ ክፍሉን በአንድ ድምፅ ቀጥ አደረጉትና፣ ከዛሬ ጀምሮ ማሽን እስኪቆም የሁሉም ስልክ እሳቸው መሳቢያ ውስጥ ይገባል አሉ። ጥሪ ቢመጣ አይነሳም፣ ያልተስማማው ይሂድ አሉ። ለአማችሽ ስነግረው ተቆጣ፤ ለሻለቃ ደወለላቸው። ሻለቃም "የሚስትህን ጣት ትፈልገዋለህ አትፈልገውም?" አሉት። ጥቂት አሰብ አደረገና "እሺ፣ ብቻ እንዳታጠፉት" አለ። ነጥቧን ካየ ይበቃዋል። ነጥቧ ካልተነቃነቀች እሱም አይነቃነቅም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስልክ ሳይጠራ ያሳለፍኩትን ያን የመጀመሪያ ጠዋት ምን እንደማደርገው አላወቅሁም። ሁለት ጊዜ ገጽ አዛንፌ ሰፋሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሻለቃ "ክር አልቋል፣ ሂጂ ግዢ" አሉኝ። መደርደሪያው ላይ ክር ሞልቷል። አየሁት። እሳቸውም ማየቴን አዩ። "ስልክሽ እዚህ ይቆይሻል፤ መሳቢያዬ ውስጥ ኔትወርኩ ጥሩ ነው" አሉኝ፣ ሳይስቁ።

ወጣሁ። እጄ ኪሴን እየደባበሰ ስልኬን ይፈልጋል። የረጅም መንገድ አውቶቡሶች የሚነሱበት ግቢ ድረስ ሄድኩና አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሻንጣውን ሲጭን፣ ረዳቶቹ የየከተማውን ስም ሲጠሩ ሰማሁ። የማያውቀኝ ሰው "የት ነሽ እህቴ፣ ልጫንሽ?" አለኝ። ገና ነኝ አልኩት። ከዚያ ክር ገዝቼ ተመለስኩ።

ማታ ቤት ስገባ አማችሽ በሩን ከፍቶልኝ ግንባሬን ሳመኝ። "ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከቦታሽ ንቅንቅ አላልሽም፣ ጎበዝ የኔ ልጅ" አለኝ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ወዲያው ደግሞ አዘንኩለት። ሰው የሚወዳት ሚስቱ መሳቢያ ውስጥ መሆኗን አያውቅም። ሌሎችም ቀናት ክር አልቋል ተባለ፤ ሁልጊዜም ጎበዝ ተብያለሁ።

ይህን የምጽፍልሽም ወረቀት ማከማቻው ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ከመጽሐፍ በተረፈ ቁራጭ ላይ ነው። ለዚህ ነው ቅርጹ ጠበብ ያለው። ስልኩ መሳቢያው ውስጥ ነው፤ የምሳ ደወል ሳይመታ ልጨርስልሽ።

"ቻይው" እንደምትዪኝ አውቃለሁ። አንቺ አባዬን ችለሽ ኖረሻል። ስንቱን ጩኸት እንደቻልሽ እኔ ልጅሽ ሰምቻለሁ። ግን እማዬ፣ ገበያ ስትሄጂ ገበያው ያንቺ ነበር። ሽንኩርት ስትመርጪ፣ ከሻጯ ጋር ተሳስቀሽ ስትመለሺ ፊትሽ ወዝቶ ነበር የምትገቢው። እኔ ያችን ታህል አልተረፈችኝም። እንደሱ ባይሆን ኖሮ እችለው ነበር።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። ከደብዳቤው ጋር ጠንካራ የሽፋን ወረቀት ታገኛለሽ፤ የክኒንሽን ስምና መጠን በትልቁ ጽፌበታለሁ። እሱን ይዘሽ ጤና ጣቢያው ሂጂ፤ እዚያም ይሰጡሻል፣ ሰው ልኬ አስጠይቄያለሁ። የሚመጣውን ወር ፖስታ አትጠብቂ። ነገ ዛሬ ሳትዪ በዚህ ሳምንት ሂጂልኝ፤ ሌላው ሁሉ ይህን ካደረግሽልኝ በኋላ ነው።

ስልኩን መሳቢያው ውስጥ ትቼ ከሄድኩ በኋላ ሳይቆይ አማችሽ ይደውልልሻል። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ያለቅስ ይሆናል፣ እንባውም የውሸት አይደለም። "እናንተ ጋ ናት?" ይልሻል። የለችም በይው፤ እውነት ነው። "ታዲያ ወዴት ናት?" ቢልሽ አላውቅም በይው፤ እሱም እውነት ነው። የማልነግርሽ ስለማላምንሽ አይደለም። አንቺ መዋሸት አትችይበትም፣ ጆሮሽ ይቀላል። ስልኳ ሥራ ቦታዋ ነው የሚያሳየኝ ይልሻል። እሱም እውነት ነው። ቤትሽ ድረስ ቢመጣ ወንበር ስጪው፣ ውኃ ስጪው፣ አትስደቢው። የሻለቃን ስም ግን ለማንም አታንሺ። ወረቀቱን ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ክተቺው፣ የክኒኑን ብቻ አስቀሪ። "ዝም አይነቅዝም" እያልሽ አይደል ያሳደግሽኝ? ይኸው ቀኑ ደረሰ፤ ሆድሽ ይፍጀው።

የጥረዛ ሙያ ክብደት የለውም፣ በእጅ ይዞሩበታል፤ መጽሐፍ የማይጠረዝበት ከተማ ደግሞ የለም። ስለ እንጀራዬ አታስቢ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከማታውቂው ቁጥር ቢደወልልሽ ሳትፈሪ አንሺው። ድምፄን ስትሰሚ አትጩሂ፣ አታልቅሺ። ሰው ሁሉ ዛሬ ስልክ ሲያነሳ መጀመሪያ የሚለው "የት ነሽ?" ነው። አንቺ እንደሱ አትበይኝ። እንደ ድሮው "እንደምን አደርሽ" በይኝና ዝም በይ፤ ሌላውን እኔ አወራልሻለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዓይንሽን ያብራልኝ። ደጅሽ ሰው አይጣ። ያሳደግሽኝን ያህል አንቺን ለመጦር ያብቃኝ። እኔንም መርቂኝ፣ እማዬ፤ ጮክ ብለሽ ባይሆንም በሆድሽ መርቂኝ፤ ያንቺ ምርቃት መንገድ ያውቃል።

የምትወድሽ፣ ያስጨነቀችሽም፣

ልጅሽ